አጎቴ እስክሪብቶ ያስቀመጠበት ቀን

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉ ሰዎች ከአጎቴ ጋር አንድ መታጠቢያ ቤት ተጋርተው አያውቁም። ጢሙን ሲላጭ እጁ አረፋ ስለሚሆን ስልኩን መስታወቱ ሥር አስደግፎ፣ ድምፁን ከፍቶ ነው የሚያወራው። በሩም በር ተባለ እንጂ አንድም ቃል አይከልልም። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ተራዬን ስጠብቅ የምክትሉ ድምፅ ከውስጥ መጣ። «የልጆቹ ነገርስ? አይንጫጩም?» አለ። አጎቴ ምላጩን ውሃ ውስጥ ሲያንቦጫርቅ ሰማሁት። «ልጆቹን ለእኔ ተዋቸው» አለው። «ካፒቴኖቹን ካዳንን ይበቃል። ልጆቹ ይጮሃሉ፣ ይደክማቸዋል፣ ከዚያ ይለምዱታል።» እግዜር ያሳያችሁ፣ ከልጆቹ አንዷ ብሩሿ ላይ የጥርስ ሳሙና ቀብታ በሩ ላይ ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ረዳት አብራሪ ነኝ። አጎቴ ካፒቴን ነው፣ ያውም የአብራሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር። ምክትሉ ደግሞ የድርጅታችን የበረራ ክፍል ምክትል ኃላፊ ነው፤ ድሮ ከአጎቴ ጋር የሰለጠነ፣ ኋላ ከአውሮፕላን ወርዶ የቢሮ ወንበር የወደደ ሰው። ድርጅታችን ከአንድ ትልቅ የውጭ አየር መንገድ ጋር ሽርክና ሊገባ ነው። ረጃጅሞቹን መስመሮች አብረው ሊሸጡ፣ ትርፉን ሊካፈሉ። ይካፈሉ፣ ማን ከለከላቸው! የእኛ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ማን ነው የሚያበረው? መልስ ሆኖ የመጣው አንቀጽ «በአነስተኛ ወጪ የሚገኝ አብራሪ» ይላል። የካፒቴኖቹ ወንበር እስከ ጡረታ ይጠበቃል፤ እኛ ረዳቶቹ ግን «የጋራ ቋት» ውስጥ እንገባለን፣ ሥራ ሲገኝ እንጠራለን። ቋት! ዱቄት ነን እንዴ? ቋት የገባ ሰው ደግሞ ካፒቴን የመሆን ተራው አብሮት ይቀበራል። ያለ ማኅበሩ ፊርማ ሽርክናው አይጸድቅም፤ የድርጅቱን ስም የያዘ አውሮፕላን ያለ እኛ ፈቃድ ሌላ ሰው እንዳያበረው የሚል የቆየ ስምምነት አለን። ፊርማው ዛሬ ነው። እኔም የረዳት አብራሪዎቹ ተወካይ ሆኜ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ልቀመጥ ነው። ጓደኞቼ የመረጡኝ «ቤት ውስጥ ሰው አለን» ብለው ነው። ሰው አለን ብለው! እስከዚያ ጠዋት ድረስ አጎቴ አንቀጹን ሊያሰርዝልን የሚታገል ነበር የመሰለን።

ቁርስ ላይ እትዬ፣ የአጎቴ ሚስት፣ እንቁላሉን ለሦስት እያካፈለች ስለ ቲማቲም አወራች። «ዛሬም ጨመረ። ሻጩን ምነው ብለው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው አለኝ። እዚሁ አጠገባችን ይበቅል አልነበረም እንዴ? የእኛዎቹን ገበሬዎች ምን በላቸው?» አለች። አጎቴ ሻዩን አማሰለ፤ ስኳር እንዳልጨመረበት እንኳ አላወቀም። እኔ ዳቦዬን ቆርሼ፣ የቆረስኩትን መልሼ ቆረስኩት። እትዬ ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ አየች። ሴትዮዋ ስንት ዓመት ከአብራሪ ጋር ስትኖር ከፊት ላይ የአየር ሁኔታ ማንበብ ተምራለች። «ምነው ሁለታችሁም አፋችሁን ለጎማችሁ?» አለች። «ዝም አይነቅዝም» አላት አጎቴ። «አይነቅዝም፣ ግን ይሸታል» አለችና ሳህኑን አነሳች።

መኪና ውስጥም ያው ነው። አጎቴ ሲነዳም ካፒቴን ነው፤ ቀበቶዬን ሳያይ ሞተር አያስነሳም፣ መስታወቱን ሳያስተካክል ከግቢ አይወጣም። ስለ ነዳጅ ሰልፍ አወራ። አደባባዩ ጋ አዲስ የቆመውን ብርቱካንማ ሕንፃ አይቶ «የዚህን ቀለም የመረጠው ሰው ከሚስቱ ተጣልቶ የወጣ ዕለት መሆን አለበት» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። አሁን ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ልንገረው? ልጩህበት? መኪናውን አቁም ልበለው? እኔ እኮ ሲጠራኝ «አቤት» እንጂ «ምን» ብዬው የማላውቅ ልጅ ነኝ። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አብራሪ መሆን እፈልጋለሁ ስል ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሲስቅ ያልሳቀው እሱ ብቻ ነው። ሰውን መጥላት እንዴት ቀላል ነበር፣ ውለታው ባይኖር! መብራት ላይ ስንቆም በጎን አየኝ። «አሞሻል?» አለኝ። «ደህና ነኝ ጋሼ» አልኩት። ሁለታችንም ቀዩን መብራት ማየት ቀጠልን።

የዋናው መሥሪያ ቤት መኪና ማቆሚያ በረዳት አብራሪዎች ተሞልቶ ነበር። በረራ የሌለው ሁሉ መጥቷል። ግማሹ ከበረራ ቀጥታ ስለመጣ ዩኒፎርሙን አላወለቀም፤ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሻንጣቸው እግራቸው ሥር ቆሞ። ከመካከላቸው ሞተር የምንለው ልጅ አለ፤ አንዴ አፉ ከተነሳ አይጠፋም። አጎቴን ሲያይ መንገድ አስከፈተለት። «ዞር በሉ! አባታችን ይለፍ! ካፒቴን፣ ተስፋችን ፈጣሪ ነው፣ ከዚያ እርስዎ ነዎት!» አለው። አጎቴ እጁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ሞተር ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «እስቲ ንገሪን፣ የቤት ወሬ ምን ይላል? ደህና ነው አይደል?» አለኝ። «እናያለን» አልኩት። ሊፍቱ ውስጥ ከአጎቴ ጋር ብቻችንን ነበርን፤ ሁለታችንም የፎቁን ቁጥር ስናይ ወጣን።

የስብሰባው ክፍል ቅዝቃዜው የሬሳ ክፍል ነው። ረጅም የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ፣ በየሰው ፊት የውሃ ጠርሙስ፣ ግድግዳው ላይ እኛ ያበረርናቸው አውሮፕላኖች ፎቶ፤ አንዱም ፎቶ ላይ ሰው የለም። በአንድ በኩል ምክትሉና የድርጅቱ ጠበቃ፤ በጎናቸው የውጭዎቹ ሰዎች፣ ከእነሱም ጋር የአብራሪዎቻቸው ተወካይ የሆነች፣ ሽበቷን ያልቀባች ሴት ካፒቴን፤ በዚህ በኩል እኔና አጎቴ። ምክትሉ ለሁሉም ፈገግ እያለ የነገውን የምሥረታ በዓል ያወራል፤ አዳራሹ ተይዟል፣ ትልልቅ ሰዎች ተጠርተዋል፣ ጋዜጠኞች ይመጣሉ። ጠበቃው ውሉን አንብቦ «በአነስተኛ ወጪ የሚገኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን እንኳ አልለወጠም። እጄን አወጣሁ። «ይህ አንቀጽ ረዳት አብራሪዎቹን ያስወጣል» አልኩ። «አያስወጣም፤ ቋት ውስጥ ያቆያል» አለኝ ጠበቃው፣ እንደ ማባበል አድርጎ። «ቋት ውስጥ ያለ ሰው ምን ይበላል?» አልኩት። ምክትሉ ሳቀ። አጎቴ ሳያየኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቤት ውስጥ እንግዳ ሲኖር በሚያወጣው ድምፅ «በቃ፣ አንቺ ልጅ» አለኝ። በቃኝ። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት የተባለው በእኛ ደረሰ ብዬ ተቀመጥኩ።

ወረቀቱ ተገፍቶ አጎቴ ፊት መጣ። መነጽሩን አደረገ። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ፣ ክዳኑን ነቀለ፣ በቀኝ እጁ ይዞ የሚፈርምበትን ቦታ በግራ ጣቱ ፈለገ። ታች የቆሙት ልጆች ታዩኝ። አዲስ የተዳረው አለ፣ እናቱን የሚያስታምመው አለ፣ እዳውን ከፍሎ ያልጨረሰው ብዙ ነው። ላለቅስ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ልቅሶ አይደለም።

«ጎ አራውንድ!» አልኩ።

አብራሪ ላልሆነ ሰው ላስረዳ። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲወርድ፣ ከፊት ከተቀመጡት ከሁለቱ አንዱ ያልጣመው ነገር አይቶ ይህን ቃል ካለ፣ ማረፉ ቀረ። ተናጋሪው ካፒቴኑ ይሁን ትናንት የተቀጠረ ረዳት ለውጥ የለውም። የሚያበረው ሰው አይጠይቅም፣ አይከራከርም፣ አይቆጣም፤ ጋዙን ወደ ፊት ገፍቶ ተመልሶ ይወጣል። «ለምን» የሚባለው ከፍታ ላይ ከተደረሰ፣ ነፍስ ከተረጋጋ በኋላ ነው። ይህን ነገር ማሰልጠኛ ውስጥ እስኪያቅለሸልሸን ስለደጋገምነው ቃሉን ከአእምሮ ይልቅ እጅ ቀድሞ ይሰማዋል። ካፒቴን በግራ ወንበር ስለሚቀመጥ የጋዙ እጀታ ያለው በቀኝ እጁ በኩል ነው። እናም የአጎቴ ቀኝ እጅ እስክሪብቶውን ጥሎ ወደ ፊት ተወረወረ፤ እጀታ ስላላገኘ የውሃውን ጠርሙስ ገፋው። ጠርሙሱ ተንከባለለ፣ ውሃው ውሉ ላይ ፈሰሰ፣ ከውሉ ወደ ጠበቃው ጭን። በዚያኛው በኩል ሽበታሟ ካፒቴን እጇን ወደ ፊት ገፍታ ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋችው ቀርታለች። ቃሉ በየትኛውም አገር አውሮፕላን ውስጥ ያው ነው፣ ትርጉም አላስፈለጋትም። ከሁሉ የገረመኝ ምክትሉ ነው። ስንት ዓመት ቢሮ የተቀመጠው ሰውዬ፣ እሱም እጁን ገፍቶ ነበር፤ ሲያፍር ሰብስቦ ጠረጴዛው ሥር ደበቀው።

ጠበቃው ሱሪውን በመሐረብ እየጠረገ ተነሳ። «ምንድነው ይሄ? ካፒቴን፣ ሌላ ቅጂ አለ፣ ይፈርሙ!» አለ። አጎቴ እስክሪብቶውን ከወለሉ አንስቶ ከደነው። «አይሆንም» አለ። «ጎ አራውንድ ተብሏል። ከተባለ በኋላ አይታረፍም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ የቤቱ ፊት አልነበረም፤ አብሮት የሚያበረውን ሰው የሚያይበት ፊት ነበር። «ምን አየሽ?» አለኝ።

«ማረፊያ የለም ጋሼ!» አልኩት። «ልታርፍበት ያሰብከው መሬት የለም። እኛን ዛሬ ቋት ከከተታችሁን ነገ ማን ነው ካፒቴን የሚሆነው? ከእናንተ አንዱ ጡረታ በወጣ ቁጥር በወንበሩ ርካሽ የተባለው ሰው ይቀመጥበታል። ሁላችሁም ስትወጡ እዚህ ቤት አንድ አብራሪ አይቀርም። ያዳንከው ወንበር ነው፣ ሰው አላዳንክም። ደግሞ ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር።» የመጨረሻዋን ስል ዓይኑን ጨፈነ።

ሽበታሟ ካፒቴን ያልኩትን ከጎኗ ካለው ሰው አስተርጉማ ሰማች። ቀስ ብላ፣ በራሷ ቋንቋ፣ ምክትሉን እያየች ተናገረች። እኛ አብራሪዎች ቋንቋውን ስለምናውቀው ማንም አላስተረጎመልንም። «ለእኛም ይህንኑ ነው ያሉን» አለች። «በዚያኛው በኩል ያሉት ከእናንተ በአነስተኛ ወጪ ይገኛሉ ብለውን ነው የእኛን ልጆች ለቋት ልንሰጥ የተስማማነው።» አጎቴ መነጽሩን አወለቀ። ምክትሉን በቅጽል ስሙ፣ በሰልጣኝነታቸው ዘመን በነበረው ስም ጠራው። «አንተ ዶሮ» አለው። «እስቲ ንገረን፤ ከሁለታችን ርካሹ ማን ነው?»

ርካሽ የሚባለው ሰው በዚህ በኩልም በዚያም በኩልም የለም፤ አንዳችንን በሌላው ሲያስፈራሩበት የከረሙት ባዶ ወንበር ነው። ሽበታሟ ካፒቴን ተነሳች፣ ወንበሯን እየጎተተች ጠረጴዛውን ዞረች፣ በአጎቴና በእኔ መካከል አስገብታ ተቀመጠች። የወንበሩ እግር ወለሉ ላይ ሲንቋቋ ከሰማሁት ዘፈን ሁሉ ጣፈጠኝ! አጎቴ ተናገረ፣ እሷ ጨመረችበት፣ እኔም ጣልቃ ገባሁ፤ ማንም በቃሽ አላለኝም። በረራው እኩል ይከፈል፤ የእኛን ድርሻ የእኛ አብራሪዎች፣ የእነሱን የእነሱ ያብሩት፤ ቋት የሚለው ቃል ከሁለቱም ውል ይጥፋ፤ ረዳቶቹ ካፒቴን የሚሆኑበት ተራ ይጻፍ። አለበለዚያ የእኛም የእሷም ፊርማ የለም። ምክትሉ ላብ ላብ አለው፣ በዚያ ቅዝቃዜ። ድግሱ ተደግሷል፣ እንግዳው ተጠርቷል፣ ሙሽሮቹ ደግሞ ሁለቱም እንቢ አሉ። ምክትሉ፣ ጠበቃውና የውጭዎቹ ሰዎች ከአለቆቻቸው ጋር ለመነጋገር ተያይዘው ወጡ። ሽበታሟም ለጓዶቿ ልትደውል ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

እኔና አጎቴ ቀረን። ጥግ ላይ ሳንድዊች ነበር፣ ጠርዙ የደረቀ። አንዱን ለሁለት ከፍሎ ትልቁን ሰጠኝ። አኘክን። ውሃው ከጠረጴዛው ጫፍ አሁንም ይንጠባጠባል። «በሩ ላይ ነበርሽ እንግዲህ» አለ። «ነበርኩ።» «ሁሉንም ሰማሽ?» «ይለምዱታል እስካልከው።» ሳንድዊቹን አስቀመጠው። «ፈርቼ ነው» አለ። «ሁሉንም እናጣለን አለኝ፣ አመንኩት። ግማሹን ይዤ ልውጣ አልኩ። አንቺን ደግሞ ቆይቼ በጎን አስገባሻለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።» በጣም ተናደድኩ፤ በጣምም አሳዘነኝ። አጎቴ ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም። «በጎን አልገባም ነበር ጋሼ» አልኩት። «አውቃለሁ» አለ። «ለዚህ እኮ ነው ያልነገርኩሽ።» እጁን ጭንቅላቴ ላይ አደረገ፣ ከዚያ አዋቂ መሆኔ ትዝ ብሎት አነሳው። እኔ መልሼ አስቀመጥኩት።

ከሰዓት በኋላ፣ ሳንድዊቹ ሁሉ አልቆ ሆዳችን መልሶ መጮህ ሲጀምር በሩ ተከፈተ። ጠበቃው ሱሪው ደርቋል፣ ወረቀቱም አዲስ ነው። ምክትሉ ቁጭ ሳይል «ያላችሁት ሁሉ ገብቷል» አለ። አጎቴ ወረቀቱን ተቀብሎ አላነበበውም፤ ወደ እኔ ገፋው። ቃል በቃል አነበብኩት። በረራው እኩል። የእኛን እኛ። ቋት የሚል የለም፤ ገልብጬም አየሁ። የረዳቶቹ ተራ ተጽፏል። ለሽበታሟ ካፒቴን ሰጠኋት፣ እሷም አንብባ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እንረፍ?» አለኝ አጎቴ። «እንረፍ» አልኩት። ፈረመ። እሷም ፈረመች። እኔ ፊርማ አልተጠየቅኩም፤ ደስታው ግን እግሬን አላስቆም አለኝ። ምክትሉ ሊወጣ ሲል በሩ ጋ ቆሞ አጎቴን «እጄ እኮ ሳላዘው ነው የሄደው» አለው። «አውቃለሁ፣ አየሁህ» አለው አጎቴ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ልጅ ሳቁ።

ታች ልጆቹ አልሄዱም። ጀርባቸው አጥሩን ተደግፎ፣ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው፣ አንዳንዱም መኪና ላይ ተጋድሞ። አጎቴ የሊፍቱን አዳራሽ አቋርጦ ወጣና «ቋት ቀርቷል። ሁላችሁም ታበራላችሁ» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመግለጽ ጆሮዬ አልተመለሰልኝም። ጩኸት፣ ፉጨት፣ የመኪና ጡሩምባ። ሞተር እንደ ጥይት መጥቶ አጎቴን እግሩን ይዞ አነሳው፤ ሌሎቹ ተቀበሉትና ያ ጎምላላ ሰውዬ ትከሻ ላይ ወጣ። «አውርዱኝ! እኔ አይደለሁም!» ይላል። «ትሕትናው!» ይላሉ እነሱ። እውነቱን ለመናገር እኔ ዝም ልል ነበር። የአጎቴ ገመና የእኔም ገመና ነው፤ ዛሬ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ ማንም ባያውቅ ምን ይጎዳል? አጨበጨብኩ እንጂ። እሱ ግን ከላይ ሆኖ፣ ክራቫቱ ወደ ጀርባው ዞሮ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ። «ስሙኝ! ልፈርምባችሁ ነበር! ጠዋት ሸጫችሁ ነበር የመጣሁት! ጎ አራውንድ ብላ ያስቆመችኝ ይቺ ልጅ ናት!»

ቀስ ብለው አወረዱት። ማንም ማንንም አላየም። አፉ ጠፍቶ የማያውቀው ሞተር እንኳ አፉ ጠፋ። አጎቴ ክራቫቱን ሳያስተካክል እጁን አንከርፍፎ መካከላቸው ቆመ፤ የሚያደርጉትን ያድርጉኝ እንዳለ ሰው። ከዩኒፎርሞቹ መካከል አንዷ «ስትልዎትስ ምን አደረጉ?» ብላ ጠየቀችው። «እስክሪብቶውን ለቀቅኩት» አለ። «ሳይከራከሩ?» «ሳልከራከር።» «ውሃም ደፋ» አልኩ እኔ ከኋላ። «ጠበቃው ላይ።» መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ አንዳንዱ እያለቀሰ ይስቃል። ሞተር አፉ ተመለሰለት። «ካፒቴን፣ ይህን ለማለት ከዚያ ከፍታ መውጣት ነበረብዎት? ከታችም ይሰማ ነበር እኮ!» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ይቺስ ምን ትጠብቃለች መሬት ላይ?»

ሳልዘጋጅ ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። በቀኝ የሞተር ትከሻ ነበር፣ ቀጭን፣ የሚቆረቁር። በግራ ያለው ሰፊ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጠዋት የተላጨበት ሳሙና ሽታ አለው። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አጎቴ ነው፣ ፊቱ ቀልቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ሁለት እጁን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቆልፎ። ዙሪያውን ስሜን እየጠሩ ይዘላሉ፤ ከሥራ የሚወጡት ጸሐፊዎች በመስኮት ያያሉ፤ ሽበታሟ ካፒቴን ደረጃው ላይ ቆማ በሁለት እጇ ታጨበጭባለች። «ጋሼ፣ ወገብህን ያምሃል፣ ልውረድ!» ብዬ ጮህኩለት።

«አትወርጂም!» አለኝ።